ጉርሻው ይቆይ፦ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከአዲስ ምግብ ጋር ማላመድ

ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚበላቸው ነገሮች ሰባት ነበሩ። ከአንድ ዳቦ ቤት ብቻ የተገዛ ዳቦ፣ ስጎ ያልነካው ፓስታ፣ የድንች ጥብስ፣ አንድ ዓይነት ብስኩት፣ ሙዝ፣ ነጭ ሩዝና ወተት። እንጀራ ገበታ ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሽሮ መንተክተክ ሲጀምር ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቆማል።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ ዘመድ ቤት ተጠራን። በጣም የምትወደው አክስቱ «እንዴት በዓመት በዓል ቀን ደረቅ ዳቦ ይበላል?» ብላ ከዶሮ ወጡ ጠቅልላ አጎረሰችው። ክፋት አልነበረባትም፤ በእኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነው። ልጄ አስመለሰ፣ ጆሮዎቹን በእጆቹ ይዞ ጮኸ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ዳቦውን እንኳን ከማንም እጅ አልቀበልም አለ። ሩዙ ደግሞ ጨርሶ ቀረ። ከሰባት ወደ ስድስት ወረድን።

እሷን አልወቅሳትም። እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት በቤቴ ውስጥ ያንኑ ሳደርግ ነበር፤ በልመና፣ በቁጣ፣ በስልክ እያታለልኩ ማንኪያ አፉ ውስጥ በመክተት። ከዚያ ፋሲካ በኋላ ግን ማጎረሱን አቁሜ ሌላ መንገድ ተማርኩ። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሚበላቸው 31 ደርሰዋል፤ እንጀራም አንዱ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት በምን ቅደም ተከተል እዚህ እንደደረስን ነው።

«ሲርበው ይበላል» ለምን አይሠራም

ይህን ምክር ያልሰማ ወላጅ የለም። ለአብዛኛው ልጅ እውነትነት አለው። ሁለትና ሦስት ዓመት አካባቢ ብዙ ልጆች ምግብ ይመርጣሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ እነዚህ ልጆች የአመጋገብ ችግር የሚያጋጥማቸው ከሌሎች ልጆች አምስት እጥፍ በሚሆን መጠን እንደሆነ አሳይቷል። አንዳንዶቹ የረሃብን ስሜት እኛ በምናውቀው መልኩ ለይተው አያውቁትም፤ ሆዳቸው ሲጮህ የሚሰማቸው ብስጭት ወይም ድካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደዚህ ያለውን ልጅ አስርቦ ማስገደድ ልጁን ይጎዳዋል እንጂ ምግብ አያስለምደውም።

አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ እንጀራን በእሱ ቦታ ሆናችሁ ተመልከቱት። ጎምዛዛ ሽታ አለው። ከላይ ዓይኑ ሻካራ ነው፣ ከታች ልሙጥ ነው። ወጥ የነካው በኩል ይረጥባል፣ ያልነካው ይደርቃል። በእጅ ሲቆርሱት ጣት ላይ ይጣበቃል። የዛሬው ለስላሳ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያው እንጀራ የበለጠ ኮምጣጣና ፍርክስክስ የሚል ነው። ወጡ ደግሞ አንዱ ጉርሻ ላይ ልም ሆኖ ሌላው ላይ ያልበሰለ የሽንኩርት ቁራጭ ድንገት ጥርስ ስር ይገባል። ብስኩቱን ደግሞ አስቡት፦ ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጣዕም። ልጁ የሚመርጠው እርግጠኛ የሚሆንበትን ነገር ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን ንዴቴ ግማሹ ጠፋ።

አንደኛ፦ ከምግቡ በፊት ሐኪም

ብዙ ወላጅ ይህን ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ስምንት ወር አባክኛለሁ። ልጄ ከባድ የሆድ ድርቀት ነበረበት፤ ሆዱ የታጨቀ ልጅ ደግሞ አዲስ ምግብ ቀርቶ የለመደውንም አይፈልግም። ጥርሱ የተቦረቦረ፣ ቶንሲል ያበጠበት፣ ምግብ ወደ ጉሮሮው እየተመለሰ የሚያቃጥለው ልጅም እንዲሁ ነው። በቃል ሊናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚናገረው ምግብ በመግፋት ነው።

የሕጻናት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ክብደቱንና ቁመቱን አስለኩ፣ የደም ማነስ ምርመራ አሠሩ፣ ጥርሱን አስዩ። ዳቦና ወተት ብቻ የሚወስድ ልጅ የብረት እጥረት ሊኖርበት ይችላል። ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ሲያልፍ ሆዱን ሞልቶ ሌላውን ምግብ ያስተወዋል። ሻይም ብረት ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዳቦ በሻይ የለመደ ልጅ ካላችሁ ሻዩን ቀስ በቀስ በውኃ እየቀጠናችሁ ከገበታው አርቁት።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ክብደት ከቀነሰ ወይም ለወራት ካልጨመረ፣ ሲበላ ሁልጊዜ የሚያስለውና የሚያንቀው ከሆነ፣ አፈር ወይም ቀለም የሚበላ ከሆነ አትጠብቁ። ድዱ ከደማ፣ እግሩን ካመመው ወይም ማነከስ ከጀመረ የቫይታሚን ሲ እጥረት ሊሆን ይችላል። ማነከሳቸው የአጥንት በሽታ መስሎ ብዙ ከተመረመሩ በኋላ ችግሩ ይኸው ሆኖ የተገኘባቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ማታ ማታ ማየት ከተቸገረ ወይም ዓይኑ ከደረቀ ቫይታሚን ኤ ጎድሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ምርጫው ጤናውን እስከሚጎዳ የጠበበ ከሆነ አርፊድ የሚባል ስም ያለው የአመጋገብ ችግር ነውና የባለሙያ ክትትል ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ እንደ ጆይ እና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። ጆይን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተችው ዘሚ የኑስ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች፤ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር በማይታሰብበት ጊዜ በር የከፈተች ሴት ናት።

ሁለተኛ፦ ደብተር ያዙ

ለአንድ ሳምንት ወደ አፉ የሚገባውን ሁሉ ጻፉ። የምግቡን ስም ብቻ አይደለም። ምን ያህል ይሞቅ ነበር? ደረቅ ነው እርጥብ? ሲታኘክ ይሰማል? ማን አቀረበው? በየትኛው ሳህን? የገፋውንም ጻፉ፤ እንዴት እንደገፋው ጭምር።

እኛ «ነጭ ነገር ይወዳል» እንል ነበር። ደብተሩ ሌላ ነገር ነገረን። ከመጠጡ በቀር የሚበላው ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጉርሻ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ነበር። ሙዙን እንኳን የሚበላው ጠንከር ያለ ከሆነ ብቻ ነው፤ ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየበት አይነካውም። የዳቦውን ቅርፊት የሚያስልጠውም ቅርፊቱን ጠልቶ ሳይሆን ቅርፊቱና ውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑበት ነው። ወደፊት የምትሠሩት ሥራ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ደብተር ነው።

ሦስተኛ፦ ገበታውን ሰላም አድርጉት

አዲስ ምግብ ከማሰባችሁ በፊት ቢያንስ ለአንድ ወር ይህን ብቻ ሥሩ። ከሁሉም ደረጃዎች በትዕግሥት ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው፤ ልጁ አፉ የራሱ መሆኑን እስኪያምን ድረስ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ድንበር ማንም አይሻገር። አያትም፣ ሠራተኛም፣ ጎረቤትም። ያለፈቃዱ አይጎረስም። አፍንጫ አይያዝም፣ መንጋጋ አይጫንም፣ «አንዴ ብቻ» ተብሎ አይለመንም። በየገበታው ላይ እርግጠኛ የሆነበት ቢያንስ አንድ ምግብ ይኑር፤ ያን ምግብ ደግሞ መያዣ አታድርጉት። «ጎመኑን ካልቀመስክ ዳቦ የለም» የተባለ ልጅ ጎመኑንም ዳቦውንም መጥላት ይጀምራል።

ከትሪ ወይም ከመሶብ አብሮ መብላት ባህላችን ነው። ወጥ ከወጥ የሚነካካበት ትሪ ግን ለዚህ ልጅ የጦር ሜዳ ነው። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ክፍልፋይ ያለው የፕላስቲክ ሳህን ቢሆን ይመረጣል፤ ምግቦቹ አይነካኩም። ነገር ግን ከእናንተ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጥ። እግሩ አየር ላይ አይንጠልጠል፤ ዱካ ወይም ካርቶን ስር አድርጉለት። እግሩ የረገጠ ልጅ ሰውነቱ ይረጋጋል፣ የተረጋጋ ልጅ ደግሞ ማኘክ ይቀለዋል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ገበታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካልበላ ያለ ቁጣ ይነሳ።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ሦስት ገበታና ሁለት መክሰስ፣ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ልዩነት፣ በመሃል ውኃ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ብስኩት እየቆረጠመ የሚውል ልጅ ለገበታ የሚሆን ፍላጎት አይቀርለትም። ንግግር የሚያስቸግረው ከሆነ የቁርሱን፣ የምሳውንና የመክሰሱን ሥዕል በካርቶን ላይ ለጥፉለት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ግማሹን ጭንቀት ያስወግዳል።

ስልክ እያየ ካልሆነ የማይበላ ልጅ ካላችሁ በአንድ ቀን አትንጠቁት። መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ፣ ቀጥሎ በሁለት ጉርሻ መካከል ገልብጡት፣ ቀጥሎ ወደ መጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ገፍታችሁ አቆዩት። ለእኛ ሁለት ወር ፈጅቷል።

አራተኛ፦ መሰላሉን በአንድ እርከን ብቻ

መዋጥ የመሰላሉ ጫፍ ነው። ብዙዎቻችን ልጁን ከመሬት አንስተን ጫፉ ላይ ልናስቀምጠው እንሞክራለን። ከታች ያሉት እርከኖች እነዚህ ናቸው፦ ምግቡ ባለበት ክፍል መቆየት፤ ባለበት ገበታ መቀመጥ፤ በሌላ ሳህን ሆኖ አጠገቡ ሲቀመጥ መቻል፤ ሳህኑ ላይ ሲሆን መቻል፤ በማንኪያ መንካት፤ በጣት መንካት፤ ማሽተት፤ ከንፈር ማስነካት፤ በምላስ መንካት፤ ነክሶ መትፋት፤ አኝኮ መትፋት፤ መዋጥ።

ሽሮን እንዴት እንዳስለመድነው ልንገራችሁ። ልጄ ከሽታው ስለሚሸሽ የጀመርነው ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ነው። ክዳኑ እንደተዘጋ ከገበታው ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ስለ እሱ አያወራም። በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑ ገርበብ አለ። ሽሮው ቀዝቃዛ ነበር፤ የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ይቀንሳልና። በአራተኛው ሳምንት በማንኪያ ጀርባ እየነካ ሳህን ላይ መስመር ሣለበት። «መኪና» አለ። መንገድ ሠራንለት፣ ሽምብራ አሽከረከርንበት። አንድ ቀን ጣቱ ነካው፤ ወዲያው ፎጣ ፈለገ፤ ሰጠሁት። ለዚህ ሥራ እርጥብ ፎጣ ሁልጊዜ አጠገባችሁ ይኑር፤ እጁን መጥረግ እንደሚችል ካወቀ ለመንካት ይደፍራል።

ከዚያ ጉርሻውን ገለበጥነው። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ እሱ አጎረሰኝ። ትንሽ የዳቦ ቁራጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ሽሮውን ጫፉ ላይ አስነክቶ ወደ አፌ አመጣው። በዚያች ሰከንድ ሽሮ ነክቷል፣ አሽትቷል፣ ሰው ሲበላው በቅርብ አይቷል፤ እኔም አላስገደድኩትም። ወንድሙንም አጎረሰ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ጣቱን ላሰ። ፊቱን አጨማደደ፣ ውኃ ጠጣ፣ ሄደ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ማእድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን ልምምድ ከዋናው ገበታ ለዩት። እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሳይራብም ሳይጠግብም፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ እናደርገዋለን። ምስር መልቀም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጎመን መቀንጠስ ሁሉ ከመሰላሉ እርከኖች ናቸው። መትፋትን ፍቀዱ፤ መትፊያ ሳህን ስጡት። መትፋት እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ አፉን ለመክፈት አይፈራም። ወደ ላይ ካለው ያ እርከን ገና ነው ማለት ነው፤ ሁለት እርከን ወደ ታች ውረዱ።

ስንት ጊዜ? ኦቲዝም የሌለበት ልጅ እንኳን አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ማየትና መሞከር ሊያስፈልገው ይችላል። የእናንተ ልጅ ከዚያ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ደብተሩ ላይ የምትቆጥሩት የዋጠውን ሳይሆን የተገናኙበትን ጊዜ ይሁን።

አምስተኛ፦ ከሚበላው ወደማይበላው ድልድይ

አዲሱ ምግብ ከባዕድ አገር አይምጣ። ዛሬ ከሚበላው ምግብ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቅርጹን ከቀየራችሁ ጣዕሙን አትንኩ፣ ጣዕሙን ከቀየራችሁ ቅርጹን ተዉት።

ከብስኩት እስከ እንጀራ የሄድንበት መንገድ ይህ ነው። ከብስኩቱ ወደ ሌላ ዓይነት ብስኩት፤ ከዚያ ቀጭ ወደሚል ዳቦ ቆሎ፤ ከዚያ በምጣድ ላይ ወደ ደረቀ ስስ ቂጣ፤ ከዚያ ወደ ድርቆሽ። ድርቆሽ ለእነዚህ ልጆች የተሠራ ይመስለኛል። ደረቅ ነው፣ ሲታኘክ ይሰማል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ ግን እንጀራ ነው። ኮምጣጣነቱ እንዳይከብደው ሊጡ ብዙ ሳይቦካ ከተጋገረ አፍለኛ እንጀራ አደረቅሁት። ድርቆሹን ከለመደ በኋላ የማድረቂያውን ጊዜ በየሳምንቱ አሳጠርኩ፤ መጀመሪያ መሃሉ ትንሽ የሚለሰልስ፣ ቀጥሎ ጠርዙ ብቻ የሚንኮሻኮሽ፣ በመጨረሻ ከምጣድ የወረደ ትኩስ እንጀራ። ሰባት ወር ፈጀ። ወጥ አልነበረበትም፤ ወጡ ዛሬም ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል፣ ሲፈልግ ያጠቅሳል።

ከድንች ጥብስ ደግሞ በዚያው ቅርጽ ወደተቆረጠና ወደተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ከዚያ ወደ ካሮት መሄድ ይቻላል። ብርቱካናማው ስኳር ድንችና ካሮት ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ከነጭ ፓስታ ወደ ሌላ ቅርጽ ፓስታ፣ ቀጥሎ ዘይት ጠብ ወዳለበት፣ ቀጥሎ ስጎው በጎን ወደቀረበለት። ቂጣው ሊጥ ውስጥ በርበሬ የሌለበት የሽሮ ዱቄት በሻይ ማንኪያ እየጨመራችሁ መጠኑን አሳድጉ፤ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ስታደርጉት ግን እሱ እያየ አድርጉት። ምግብም ሆነ መድኃኒት በሚወደው ነገር ውስጥ አትደብቁ። ምላሱ ያውቅባችኋል፤ ባወቀ ቀን የሚጠፋው አዲሱ ምግብ ብቻ አይደለም፣ የነበረውም ነው።

ዕድሜው ከአምስት በታች ከሆነ፣ ወይም ሳያኝክ የሚውጥ ከሆነ ቆሎ፣ ለውዝና ድፍን ሽምብራ አትስጡት፤ በጨዋታውም ጊዜ እነዚህን አጠገቡ አትተዉ። ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል።

ሽልማትን በተመለከተ የወላጆች ሐሳብ ይለያያል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አስቀድሞ የታወቀ፣ ምግብ ያልሆነ፣ ትንሽ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ደብተር ላይ የሚለጠፍ ኮከብ። የሚሰጠውም እርከኑን ስለሞከረ እንጂ ስላጠናቀቀ አይሁን። ጭብጨባና እልልታ ይቅር፤ ለብዙዎቹ ጩኸት ነው።

ሲፈርስ

ይፈርሳል። ጉንፋን ይይዘዋል፣ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ የብስኩቱ ፋብሪካ ማሸጊያውን ይቀይራል። ልጄ አንድ ጊዜ የብስኩቱ ላስቲክ ቀለም ስለተቀየረ ብቻ ለሁለት ሳምንት ትቶታል፤ አሮጌውን ላስቲክ አጥበን አዲሱን ብስኩት እያየ ስንጨምርበት ተመለሰ። ለዚህ ነው የሚወዳቸውን ምግቦች ሁልጊዜ በአንድ መልክ ማቅረብ የሌለባችሁ። ዳቦው ዛሬ በካሬ፣ ነገ በሦስት ማዕዘን ይቆረጥ፤ በየቀኑ ትንሽ የሚለያይ ነገር መቻልን ይለምዳል። ከሕመም በኋላ የተዋቸውን ምግቦች ከመሰላሉ ታች ጀምሩ፤ ሁለተኛው ጉዞ ያጥራል።

የጾም ወራትን አስቀድማችሁ አስቡ። ቤቱ በሙሉ ከቅቤ ወደ ዘይት ሲዞር የማእድ ቤቱ ሽታ ይቀየራል፣ የለመደው እንቁላል ከገበታ ይጠፋል። የእሱን ምግብ በፊት በነበረበት አቆዩለት፤ በዐቢይ ጾም መካከል አዲስ ምግብ አትጀምሩ።

ዘመድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እማማ፣ የራሱን ምግብ ይዤለት እመጣለሁ፤ አደራ፣ እንዳታጎርሱት» ማለት ይበቃል። ሳህኑንም ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ፋሲካ ያችው አክስቱ ቤት ነበርን። ከጎኑ ተቀመጠች፣ ከዶሮ ወጡ እንቁላል አንድ ቁራጭ ቆርሳ መረቁን በዳቦ ጠረገችና ከሳህኑ ባዶ ክፍል ላይ አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ከእኔ ጋር ወሬዋን ቀጠለች። ቁራጩን አልበላውም። ግን አልገፋውም፤ ድርቆሹን እየቆረጠመ እስከ ምሳው መጨረሻ አጠገቡ አቆየው።